የተመራማሪን ሥራ ለመመዘን የቱ ይሻላል? ጎግል ስኮላር፣ ስኮፐስ፣ ዌብ ኦፍ ሳይንስ ወይስ ኦፕንአሌክስ

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ የደረጃ እድገት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁት ነገር ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፋይል አለ። አንዷ የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ናት፤ ኤች-ኢንዴክሷ (ስንት ጽሑፍ እንዳላትና ሌሎች ምን ያህል እንደጠቀሷቸው አንድ ላይ የሚመዝን ቁጥር) 19። ሌላው የሒሳብ ሰው ነው፤ የእሱ 6። «በቃ፣ ይሄማ ግልጽ ነው» አለ አንዱ አባል ፋይሉን እየከደነ። ግልጽ አልነበረም።

ኤች-ኢንዴክስን በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ስድስት ጽሑፍ አላችሁ እንበል፤ 30፣ 18፣ 9፣ 6፣ 5 እና 3 ጊዜ ተጠቅሰዋል። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች ስላሏችሁ ውጤታችሁ 5 ነው። የመጀመሪያው 30 መሆኑ ቀርቶ 3,000 ቢሆን እንኳ ያው 5 ነው። የሕይወት ሳይንስ ሰዎች ቁጥር ከፊዚክስ ሰዎች ከፍ እንደሚል ሂርሽ ራሱ ገና ያኔ ጽፎታል። የጤና ጽሑፍ ረጅም የማጣቀሻ ዝርዝርና ብዙ ደራሲ አለው፣ ቶሎም ይጠቀሳል፤ የሒሳቡን ግን ብዙ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ሰው ይጽፈዋል፣ ማጣቀሻው አጭር ነው፣ ሰው እስኪጠቅሰውም ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ጋ ስትመጡ ደግሞ ዋናው ሥራ መጽሐፍ ነው።

ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ከሚሰጡት የጽሑፍ ዳታቤዞች መካከል መሣሪያ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ሰውየውን ከራሱ ዘርፍ ሰዎች ጋር ያወዳድርልኛል ወይ?» ብላችሁ ነው።

ጎግል ስኮላር አያወዳድርም። ነፃ ነው፣ ፕሮፋሉን ራሳችሁ ታስተካክላላችሁ፣ መጽሐፉንም የመመረቂያ ጽሑፉንም ሪፖርቱንም ይሰበስባል። ለዚህ ነው ቁጥሩ ከሁሉም ከፍ የሚለው። ለመጽሐፍ ጸሐፊዎች ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ለኮሚቴ ውሳኔ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ፕሮፋሉን በራሱ እንዲሞላ ከተዋችሁት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሊገባበት ይችላል።

እዚህ ላይ የስማችንን ጉዳይ ላንሳ፣ ምክንያቱም ዋጋ እያስከፈለን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው ያለን። ዳታቤዞቹ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ አበበ ከበደ «ከበደ ኤ.» ይሆናል፤ አለማየሁ ከበደም፣ አስቴር ከበደም እንደዚያው። የሦስት ሰው ሥራ አንድ ላይ ይታሰራል፣ ወይም ስሙን በሁለት ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈ አንድ ሰው ለሁለት ይከፈላል። በ2012 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ነፃ ነው። ዛሬውኑ አውጡ።

ስኮፐስ ኤልስቪየር የሚባለው አሳታሚ ኩባንያ ነው፣ ክፍያ አለው፣ የተለጠፈ ዋጋ ግን የለውም፤ እያንዳንዱ ተቋም ተደራድሮ ነው የሚገዛው። ጆርናሎቹን መርጦ ያስገባል። የምወደው ነገር ለአንድ ጽሑፍ የሚሰጠው በዘርፍ የተመዘነ ውጤት ነው፦ ጽሑፉን በተመሳሳይ ዘርፍ፣ በተመሳሳይ ዓመት ከወጡ ተመሳሳይ ዓይነት ጽሑፎች ጋር ያወዳድረዋል። 1 ማለት የዓለም አማካይ ነው፤ 1.5 ከአማካዩ በ50 በመቶ ይበልጣል። ይህን ለሰው ወይም ለዲፓርትመንት በአማካይ አስልቶ የሚያሳየው ሳይቫል ግን ለብቻው ይከፈልበታል። ሳትገዙም የደራሲ ስም ፈልጋችሁ ኤች-ኢንዴክስ ማየት ትችላላችሁ።

አማካይ ቁጥር ግን በአንድ ትልቅ ጽሑፍ ሊዘል ይችላል። ላንሴት በሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የሚወጡት የዓለም የበሽታ ጫና ጥናቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች አሏቸው፣ ብዙ የእኛ አገር ተመራማሪዎችም አሉባቸው። ሥራው ትልቅ ነው፤ የአንድን ሰው ድርሻ ግን ከዚያ ቁጥር ማወቅ አይቻልም። እነሱን አውጥታችሁ የቀረውንም እዩ።

ዌብ ኦፍ ሳይንስ ክላሪቬት የሚባል ኩባንያ ነው፣ መነሻው ዩጂን ጋርፊልድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው የሳይቴሽን ማውጫ፣ ማለትም ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚመዘግብ ዝርዝር ነው። የአንድ ጆርናል ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚለካው ኢምፓክት ፋክተር የሚወጣው ከዚህ ቤት ነው። የተቋማችሁ ደንብ እሱን ካስገደዳችሁ ሌላ ምርጫ የለም። ካላስገደዳችሁ፣ ገንዘብ ለሌለው ዩኒቨርሲቲ አልመክረውም።

ኦፕንአሌክስ በ2022 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፣ ማይክሮሶፍት አካዳሚክ የሚባለው ተመሳሳይ ዳታቤዝ እንደተዘጋ። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው የሚያዘጋጀው፣ መረጃው ክፍት ነው፣ በዘርፍ የተመዘነ ውጤትም ይሰጣል። ድክመቱ ስም ማደባለቁና አንዳንዴ የተመራማሪውን ተቋም መሳቱ ነው። ለአነስተኛ ዲፓርትመንት የእኔ ምርጫ እሱ ነው፤ ከተጣራ የጎግል ስኮላር ፕሮፋል ጋር።

ስኮፐስን ወይም ዌብ ኦፍ ሳይንስን ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ የሙከራ ጊዜ ጠይቁ። ከራሳችሁ ዲፓርትመንት የአሥር ሰው ስም አስገቡ፣ ጽሑፎቻቸውን ከሲቪያቸው ጋር አስተያዩ፤ ስንት እንደጎደለና ስንት የሌላ ሰው ጽሑፍ እንደተቀላቀለ ቁጠሩ። ከዚያ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።