ራቭ ፎር ከ235/60 ወደ 215/70፦ ከአሥራ አንድ ወር የጅማ መንገድ በኋላ

መኪናው ሁለተኛው ትውልድ ቶዮታ ራቭ ፎር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2005 የተመረተው፣ ባለ 2 ሊትር ቤንዚን ሞተር፣ አራቱንም ጎማ ሳያቋርጥ የሚያሽከረክረው። ይዞት የመጣው ጎማ 235/60 አር 16 ነበር። ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ላይ ስኮርታውን ጨምሮ አምስቱም ወርደው በቻይና ሥሪት 215/70 አር 16 ተተኩ። እስከ ነሐሴ ማብቂያ 14,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ግማሹ የጅማ አዲስ አበባ አስፋልት ነው፤ ቀሪው ከተማ ውስጥ፣ እንዲሁም ወደ አጋሮ፣ ሰቃና ዴዶ ሲኬድ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ቡና ማሳ የሚገባው ቀይ አፈር። ጎማው አንድ በጋና አንድ ክረምት ስላየ አሁን ስለ እሱ አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል።

235/60 አር 16 መጥፎ ጎማ አይደለም። ችግሩ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ሲገኝም ወይ ይወደዳል፣ ወይ መደርደሪያ ላይ ዓመታት የቆየ ይሆናል። 215/70 አር 16ን ግን ብዙ ዓይነት መኪና ስለሚጋራው ምርጫው ሰፊ ነው። በዚህ ግዢ የሦስት 235/60 ዋጋ አራት 215/70 ገዝቶ የማስገጠሚያውንና የባላንሱን ሂሳብ ችሏል። ከዋጋው በላይ ልብ ያሳረፈው ደግሞ 215/70 ቶዮታ ራሱ ለዚሁ ሞዴል የሰጠው ሌላኛው ልክ መሆኑ ነው። ልክ ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንን ነው፤ ፋብሪካው ለዚያው መኪና ሌላ ልክ ሰጥቶ ከሆነ ግማሹ ጥያቄ ተመለሰ ማለት ነው።

ሌላው ግማሽ ሂሳብ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ ቸርኬው በኢንች። ስፋቱን በሁለተኛው ቁጥር መቶኛ አባዙ፣ እጥፍ አድርጉት፣ ከዚያ ቸርኬውን በ25.4 አባዝታችሁ ደምሩበት። 235/60 አር 16 ከአናት እስከ ግርጌ 688.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ 215/70 አር 16 ደግሞ 707.4። ልዩነቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ በመቶኛ 2.8 ገደማ ነው። በአጠቃላይ ከ3 በመቶ በላይ ባትርቁ ይመከራል። 225/70 አር 16 ለመግጠም የሚፈልጉ አሉ፤ እሱ 721.4 ስለሆነ ከ235/60 ጋር ሲነጻጸር 4.8 በመቶ ይበልጣል፣ አንመክረውም። በ215/70 ለመጣ ራቭ ፎር ግን ልዩነቱ 2 በመቶ ብቻ ነው፣ ችግር የለውም። 235/70 ከሆነ 735.4 ነው፤ መሪ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ የፓራፋንጎውን ፕላስቲክ መንካቱ አይቀርም። «ይገባል፣ ችግር የለውም» የሚል ጎሚስታ ቢገጥማችሁ የሚነግራችሁ ቸርኬው ላይ መግባቱን ነው፤ መኪናው ውስጥ መዞሩ ሌላ ጉዳይ ነው።

ቸርኬው ጀርባ ላይ ከቅርጹ ጋር የወጣ ጽሑፍ አለ፤ ጭቃውን ጠርጋችሁ አንብቡት። በዚህ መኪና 16 በ7 ጄ ይላል፤ 7ቱ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። 215/70 አር 16 ከ5.5 እስከ 7 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይቀበላል፤ ስለዚህ 7 ጄ የመጨረሻው ድንበር ነው። ይፈቀዳል፣ ግን ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። የጎማው ጎን ትንሽ ተወጥሮ ስለሚቀመጥ መሪው ላይ ከተጠበቀው ያነሰ መወላወል አለ፤ ይህ መልካም ነው። በሌላ በኩል ጎማው ከቸርኬው ከንፈር አልፎ አይወጣም። 235ቱ ከንፈሩን ሸፍኖ ይከላከልለት ነበር። አሁን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ አጠገብ ሲቆም መጀመሪያ የሚነካው አልሙኒየሙ ነው፤ በአሥራ አንድ ወር ውስጥ በቀኝ በኩል ያሉት ሁለቱም ቸርኬዎች ተቧጭረዋል። ቸርኬያችሁ 6.5 ጄ ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም።

ጭነትን በተመለከተ ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። ሁለቱም ልኮች አብዛኛውን ጊዜ 100 ይላሉ፤ 100 ማለት በአንድ ጎማ 800 ኪሎ ነው። ይህ መኪና ሰውና ዕቃ ሞልቶም ሁለት ቶን ስለማይደርስ ይበቃዋል። ከመኪናው መመሪያ በታች ያለ ቁጥር ግን በርካሽነቱ አትግዙ። ከቁጥሩ አጠገብ ያለው ፊደል የፍጥነት ጣሪያ ነው፦ ኤስ 180፣ ቲ 190፣ ኤች 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት።

ከብራንዱ በላይ የሚያሳስበው የተሠራበት ቀን ነው። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ እነዚህኞቹ 2224 ይላሉ፣ የ2024 22ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሙሉው ጽሑፍ የሚታተመው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ከሌላኛው በኩል ካያችሁ አኃዞቹን ላታገኟቸው ትችላላችሁ፤ ጎማውን አገላብጡ። አምስቱንም አንድ በአንድ አንብቡ፣ አንዱን አይታችሁ አትመኑ። ያገለገለ ጎማ ጥርሱ 6 ሚሊ ሜትር ቢኖረውም ጎማው ሲያረጅ ስለሚደርቅ በዝናብ ይንሸራተታል፤ ጎኑን በጣት ገለጥ ስታደርጉት ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ካሉ ተዉት።

ሲገጠም የሚበላሸው ነገር ብዙውን ጊዜ ጎማው ሳይሆን አገጣጠሙ ነው። አሮጌ የአልሙኒየም ቸርኬ ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ነጭ ዝገት ያወጣል። እሱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ካልጠራ አዲሱ ጎማ በየሳምንቱ 2 እና 3 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጥላል፤ ሰውም ጎማው ቀዳዳ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ቫልቮላውን አብራችሁ አስቀይሩ። ጠርዙ በሳሙና ውኃ ይቀባ፣ በግራሶ አይሁን። ዳዶው የ21 ቁልፍ ነው፤ በንፋስ መፍቻ እስኪጮህ ማጥበቅ ብሎኑን ይስበዋል፣ የፍሬን ዲስኩንም ያጣምማል። ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ከሌለ በመኪናው የራሱ ቁልፍ፣ በክንድ ኃይል ብቻ፣ ላዩ ላይ ሳትቆሙ፣ በኮከብ ቅደም ተከተል አጥብቁ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹት።

በዚህ መኪና ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ገንዘብ እስኪገኝ ሁለት አዲስ ልክ፣ ሁለት አሮጌ ልክ አድርጎ መንዳት ነው። 235/60 በአንድ ኪሎ ሜትር 462 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 215/70 ደግሞ 450 ጊዜ። ፊትና ኋላ ከተለያዩ በየኪሎ ሜትሩ የ12 ዙር ልዩነት ይፈጠራል። ይህን የሚሸከመው ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የመሐል ዲፈረንሻሉ ሲሆን፣ አብሮት ያለው ቪስከስ ካፕሊንግ ዙሩን እኩል ለማድረግ ሲታገል ውስጡ ያለው ዘይት ይግላል። ጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጉዞ ከ4,000 ዙር በላይ ትርፍ ሥራ ይጨምርበታል። ሲበላሽ የሚያስወጣው ወጪ ከአራት ጎማ ዋጋ በላይ ነው። ስኮርታውም የዚሁ ነገር አካል ነው፦ ኋላ በር ላይ አሮጌው 235 ከቀረ፣ ጎማ ፈንድቶ እሱን አስገብታችሁ መድረስ ያለባችሁ የቅርቡ ጎሚስታ ጋ ብቻ ነው፣ ያውም በዝግታ። አምስት የተገዛው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ኮሮኮንች ላይ ለውጡ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። የጎማው ጎን ከ141 ወደ 150.5 ሚሊ ሜትር አድጓል፤ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ተኩል ተጨማሪ ትራስ ማለት ነው፣ የመኪናው ሆድም በዚያው ልክ ከመሬት ከፍ ብሏል። የጉድጓድ ጠርዝ ሲመታ 235/60 ላይ እስከ ቸርኬው ይሰማ የነበረው ደረቅ ድምፅ ጠፍቷል። እስካሁን ጎኑ ያበጠ ጎማ የለም።

የክረምቱ ፍርድ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ድጥ ሌላ፣ ማጥ ሌላ ስለሆነ። ላዩ ረጥቦ ሥሩ ጠንካራ በሆነ ቀይ አፈር ላይ ጠባቡ ጎማ ስሱን ጭቃ ሰንጥቆ ጠንካራውን ይይዛል፤ 235ቱ ላዩ ላይ ይንሸራተት ነበር። የጅማ ቀይ ሸክላ ግን ዝናብ ሲደጋግመው ሊጥ ይሆናል። ያኔ የእነዚህ ጎማዎች ኤች/ቲ ጥርስ፣ ማለትም በዋናነት ለአስፋልት የተሠራው፣ ሁለትና ሦስት ዙር ሳይሞላ ይደፈናል፤ ጎማው እንደ ልሙጥ ከበሮ ሆኖ ባለበት ይሽከረከራል። ይህ የልኩ ሳይሆን የጥርሱ ጥፋት ነው። ጥልቅ ማጥ ውስጥ ደግሞ ጠባብነቱ ራሱ ያሰምጠዋል። ንፋሱን ወደ 22 ፒኤስአይ ማውረድ የረዳ ሲሆን፣ ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ካልያዛችሁ ግን አትሞክሩት፤ በዚያ ንፋስ አስፋልት ላይ መውጣት ጎማውን ከውስጥ ይቆርጠዋል።

እርጥብ አስፋልት ላይ የርካሽነቱ ዋጋ ይታያል። ወደ ግቤ በረሃ በሚወርደው ቁልቁለት፣ በካፊያ፣ ከቀድሞው ጎማ ይልቅ ኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ቶሎ መሥራት ይጀምራል። በተለይ ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ፣ አቧራና ዘይት ተቀላቅሎ ሲንሳፈፍ። ርቀቱን ጨምሩ፣ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረዱ። ጎማ ስትመርጡ ጎኑ ላይ ትራክሽን የሚለውን ደረጃ ፈልጉ፤ የሚለካው በእርጥብ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ሲያዝ ነው። ኤ ጥሩ ነው፣ ሲ የሚል ለዚህ አገር ዝናብ አይሆንም።

ንፋስ፦ በጠዋት፣ ጎማው ሳይግል፣ 32 ፒኤስአይ ወይም 2.2 ባር፤ ሙሉ ጭነት ከሆነ ኋላውን 35። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው እንጂ መሙያው አይደለም፤ እስከዚያ የሞላ ጎማ መሐሉ ብቻ ያልቃል። ጅማ በብርድ የሞላችሁት ግቤ ሙቀት ውስጥ 4 ወይም 5 ፒኤስአይ ቢጨምር ደንብ ነው፣ አታስተንፍሱት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ከማሳ መንገድ ወደ አስፋልት ወጥታችሁ ከ70 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ላይ መሪው ቢንቀጠቀጥ ባላንስ ጠፋ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ። ሸክላው ቸርኬው ውስጥ፣ ከፍሬኑ በኩል፣ በአንድ ወገን ተለጥፎ ይደርቃል፤ መዳፍ የምታህል ቁራሽ ትበቃለች። እጃችሁን በቸርኬው ቀዳዳ አስገብታችሁ ዙሪያውን ዳብሱ፣ በእንጨት ቀርፉት፣ በውኃ እጠቡት። መንቀጥቀጡ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ካልቀረ የተለጠፈው የባላንስ እርሳስ ከጭቃው ጋር ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ እርሳሱ የነበረበት ቦታ ላይ የማጣበቂያው ጥቁር አሻራ ይታያል።

የፍጥነት ጌጁ አሁን 100 ሲል መኪናው ከቀድሞው 2.8 በመቶ ፈጥኖ ነው የሚሄደው። ቆጣሪውም ያንሳል፤ ጅማ አዲስ አበባ ላይ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ይጎድላል። ስለዚህ ነዳጅ የበላ ቢመስላችሁ አትደናገጡ፣ ቆጣሪው ያሳየውን ኪሎ ሜትር በ1.028 አባዙና አስሉ፤ በዚህ መኪና ከተባዛ በኋላ የፍጆታ ለውጥ አልተገኘም። ማርሹ ግን ትንሽ ከብዷል። ጅማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ስለሆነ ሞተሩ ቀድሞም አየር ያጥረዋል፤ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያስወጣው የጅሬን ዳገት ላይ በሦስተኛ ይወጣ የነበረበት ቦታ ሁለተኛ ይጠይቃል።

መልበሱን በተመለከተ፣ አዲስ ሲሆን ጥርሱ 8.2 ሚሊ ሜትር ነበር። ዛሬ ፊት 6.1፣ ኋላ 6.5 ነው። በ7,000 ላይ ፊትና ኋላ ተቀያይረዋል። ያኔ የፊት ግራው የውጭ ጠርዝ ከውስጡ 0.6 ያህል ቀድሞ ተበልቶ ተገኘ፤ አላይመንት ከተሠራ በኋላ ቆሟል። አላይመንቱ ጎማው በተቀየረ ዕለት መሠራት ነበረበት። በዚህ አካሄድ የጥርሱ ማለቂያ ምልክት የሆነው 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ የሚደርሰው 44,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ለጅማ ዝናብ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው መለወጥ ስላለበት 35,000 ብላችሁ አስቡ።

ባለ 17 ቸርኬ ሦስተኛው ትውልድ ራቭ ፎር ያላችሁ፣ የእናንተ 225/65 አር 17 724.3 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 16 ቸርኬ ካገኛችሁ 225/70 አር 16 ከእሱ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ያንሳል፤ ቸርኬው የፍሬኑን መያዣ አለመንካቱን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ገጥማችሁ፣ በእጅ አሽከርክራችሁ እዩ።

እነዚህ ጎማዎች ሲያልቁ ልኩ አይቀየርም፣ 215/70 አር 16 ይቀጥላል። የሚቀየረው ጥርሱ ነው፤ ቀጣዮቹ ለአስፋልትም ለጭቃም የሚሆኑት ኤ/ቲ ይሆናሉ፣ የሚገዙትም ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ ነው።