ክሮስቢ ወይስ ኦቬችኪን?

ሁለቱም ተጫዋቾች የሰሜን አሜሪካውን የበረዶ ሆኪ ሊግ የተቀላቀሉት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ማን ይበልጣል የሚለው ክርክርም አብሯቸው መጣ።

ጎል፦ እዚህ ላይ ኦቬችኪንን የሚያህል የለም። የቀድሞው ኮከብ የዌይን ግሬትዝኪ የ894 ጎል ክብረ ወሰን የማይደፈር ይመስል ነበር። በ2025 እ.ኤ.አ. ግን ኦቬችኪን 895ኛዋን አስቆጥሮ ሰበረው። ከግራ በኩል ሆኖ የሚለቃት ያቺ ምት! በረኛው እንደምትመጣ እያወቀም ታልፈዋለች።

ዋንጫ፦ ክሮስቢ ከፒትስበርግ ጋር 3፣ ኦቬችኪን ከዋሽንግተን ጋር 1።

ፊት ለፊት፦ በጥሎ ማለፉ 4 ጊዜ ተገናኝተው ክሮስቢ 3ቱን አሸነፈ። የሚገርመው፣ በአራቱም ዓመታት ከሁለቱ አሸንፎ ያለፈው ቡድን ዋንጫ በላ።

አንዲት ጎል ብቻ ካስፈለገችኝ የመጫወቻዋን ዲስክ ለኦቬችኪን እሰጣለሁ። ቡድን ልገንባ ካልኩ ግን አጠገቡ ያለውን ሁሉ የሚያሻሽለውን ክሮስቢን እመርጣለሁ።