እጃችሁ ይባረክ፣ የደሴ የሌሊት ተረኞች!

ባጃጅ ተገልብጦበት ጉልበቱ የወለቀውን ልጅ እግር ላተረፋችሁ የደሴ ቀዶ ሐኪሞች፣ የማደንዘዣ ባለሙያዎችና ነርሶች ምስጋናችን ይድረሳችሁ። እግሩ ሞቋል!

መጀመሪያ የታየበት ቦታ ስሙ ይቅር። ራጁ ስብራት ስላላሳየ ጉልበቱን በፋሻ ጥፍር አድርገው «ጠዋት ይታያል» አሉ። ጣቶቹ ገርጥተው በረዶ ሆነዋል፤ ትርታ የፈለገ ግን አንድም ሰው የለም። ጉልበት ሲወልቅ ከኋላው የሚያልፈው ደም ቅዳ ተለጥጦ የውስጥ ሽፋኑ ሊቀደድ ይችላል፤ ያኔ ደም ይረጋበትና ይዘጋል። ከውጭ ጠብታ ደም ላይታይ ይችላል። ጡንቻ ያለ ደም የሚታገሠው 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እግር መቆረጥ ያሰጋል።

ደሴ ላይ ተረኛው ሐኪም ፋሻውን ፈትቶ የእግሩን ጀርባና የቁርጭምጭሚቱን ውስጠኛ ጎን ዳሰሰ። ትርታ የለም። ቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል! ጫፉ ላይ ፊኛ ባለው ቀጭን ቱቦ የረጋውን ደም ጎትተው አወጡ። ከጤነኛው እግር የደም መልስ ቁራጭ ወስደው፣ የላይኛውን ጫፍ ወደ ታች ገልብጠው፣ በተጎዳው ደም ቅዳ ቦታ ሰፉለት፤ ካልተገለበጠ ቫልቮቹ (ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ መዝጊያዎች) ደሙን ወደ ታች አያሳልፉትም። ደም ሲመለስ ጡንቻው ስለሚያብጥም የባቱን 4 ክፍሎች በ2 ረጃጅም ቁርጦች ከፈቱለት። እናቱ ያንን ቁስል አይተው ሲርዱ ሐኪሙ እጃቸውን ይዞ የልጃቸው እግር ላይ አሳረፈላቸው። «ይኸው እናቴ፣ ይመታል።» እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን!

«ሳይከፈት፣ በብሽሽት በገባ ቱቦ አይሠራም ወይ?» ላላችሁ፦ ከትከሻ ሥር ላለ ደም ቅዳ ሽፋን ያለው ስቴንት (ደም ሥሩን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ)፣ ዳሌ ውስጥ ለሚፈስ ደግሞ በጥቅል ሽቦ መድፈን ድንቅ ነው። ጉልበት ግን ይታጠፋል፤ ስቴንቱም አብሮ ታጥፎ ሊዘጋ ይችላል።

የኮምቦልቻ ሹፌሮች፣ አደራ! ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ በሁለት እጅ ሳትለቁ ተጫኑት። የእጅ ወይም የእግር ደም አልቆም ካለ ከቁስሉ 5–7 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ፣ መጋጠሚያ ሳትነኩ፣ በሰፊ ማሰሪያ እስኪቆም አጥብቁት፤ ሰዓቱን ጻፉ። ሲባጎ ነርቭ ይጎዳል። የላላ ማሰሪያ ደግሞ ደም መልሱን ብቻ ዘግቶ መድማቱን ያብሰዋል። የወለቀ ጉልበት ወጌሻ ጋ አይሂድ፣ አይታሽም። ወደ ደሴ ስትነሱ አስቀድማችሁ አስደውሉ፦ «ጉልበት ወልቋል፣ ትርታ የለም፣ የተጎዳው በዚህ ሰዓት ነው» በሉ።