«የኦፔራው መንፈስ»፦ አንባቢን ለሁለት የሚከፍል ምሕረት

የፈረንሳዊውን ደራሲ የጋስቶን ለሩን ልብ ወለድ «የኦፔራው መንፈስ» ካነበበው ሰው ይልቅ በፊልም ወይም በመድረክ ያየው ይበዛል። ስለዚህ አዲስ አንባቢ መጽሐፉን የሚከፍተው አንድ ምስል ይዞ ነው፦ ግማሽ ፊቱን በነጭ ጭምብል የሸፈነ፣ የቀረው ግማሽ ፊቱ ግን መልከ መልካም የሆነ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የለሩ ኤሪክ፣ ማለትም «መንፈስ» የተባለው ሰው፣ ጭምብሉ ጥቁር ነው፤ የሚሸፍነውም ፊቱን በሙሉ ነው። ከሥሩ ያለው ፊት የሬሳ ፊት ነው። አፍንጫው የለም ማለት ይቻላል፤ ዓይኖቹ ከመጎድጎዳቸው የተነሣ የሚታዩት በጨለማ ሲያበሩ ብቻ ነው፤ ቢጫ ቆዳው እንደ ከበሮ አጥንቱ ላይ ተወጥሯል፤ እጁም ሞት ሞት ይሸታል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ብዙ አንባቢዎች «እኔ የማውቀው ኤሪክ ይህ አይደለም» ብለው የሚያኮርፉት የሚያምር ሰው ጠብቀው ስለሚገቡ ነው።

ትልቁ ክርክር ግን በፍጻሜው ላይ ነው። ኤሪክ ሰው ይገድላል፤ ዘፋኟን ክሪስቲን ዳኤን አፍኖ ከምድር በታች ይወስዳታል፤ ኦፔራ ቤቱን ከነተመልካቹ ለማጋየት ባሩድ ያከማቻል። በመጨረሻ ደግሞ አልቅሶ ይለቃታል። አንዱ አንባቢ «ዳነ» ብሎ እንባውን ይጠርጋል፤ ሌላው «ይህ ሁሉ ደም በአንድ ምሽት ልቅሶ ይታጠባል እንዴ?» ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አያጡም። ዳሩ ግን ክርክሩን በደንብ የሚያጠሩት ገጾች ሰው በችኮላ የሚያልፋቸው ናቸው፤ ከዚህ በታች በእነሱ ላይ ነው የምንቆየው።

በመጀመሪያ ስለ አተራረኩ። ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. ከ1909 መገባደጃ እስከ 1910 መጀመሪያ በአንድ የፓሪስ ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ፤ በ1910 መጽሐፍ ሆነ። ለሩ ፍርድ ቤት ውሎ የሚዘግብ ጋዜጠኛ ነበር፤ ተራኪውንም ያደረገው እንደ ራሱ ያለ ሰው ነው። ምስክር ያነጋግራል፣ የሥራ አስኪያጆችን ማስታወሻ ያገላብጣል፣ ደብዳቤ ከደብዳቤ ያመሳክራል። የታሪኩ ቦታም እውነተኛ ነው፤ በ1875 ተመርቆ የተከፈተው የፓሪስ ኦፔራ፣ ፓሌ ጋርኒዬ። መሠረቱ ሲቆፈር የከርሰ ምድር ውኃ አስቸግሮ ስለነበር ከሕንጻው በታች ትልቅ የውኃ ማጠራቀሚያ ተሠርቷል፤ የኤሪክ «ሐይቅ» የተወለደው ከዚያ ነው። በ1896 ትዕይንት እየታየ የታላቁ ቻንደለር (ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ግዙፍ መብራት) ማመዛዘኛ ክብደት ወድቆ አንዲት ሴት ገድሏል። በ1907 የታላላቅ ዘፋኞች ድምፅ የተቀዳባቸው ሸክላዎች ለመጪው ትውልድ እንዲቆዩ በሕንጻው ምድር ቤት ታሽገው ተቀምጠዋል፤ ለሩ በመግቢያው የኤሪክ አጽም የተገኘው ለሸክላዎቹ ቦታ ሲቆፈር ነው ይላል። የመጽሐፉ ድንጋጤ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ሐሰቱ በእውነት መካከል ስለተቀበረ አንባቢ ድንበሩን ያጣዋል።

ይህ አቀራረብ ዋጋ ያስከፍላል። አንባቢዎች በብዛት የሚያቋርጡት በመጀመሪያው ሲሶ ላይ ነው። አዲሶቹ ሥራ አስኪያጆች ሪሻርና ሞንሻርሜን ኦፔራ ቤቱን ተረክበዋል፤ በቀይ ቀለም የተጻፈ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ መንፈሱ አምስተኛው ሎጅ (ለብቻው የተከለለ የተመልካች መቀመጫ) ለእሱ ብቻ እንዲጠበቅለት፣ በወርም 20,000 ፍራንክ እንዲከፈለው ይጠይቃል። ቆይቶም ገንዘቡ ያለበትን ፖስታ በመርፌ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ አያይዘው፣ እርስ በርስ እየተጠባበቁ፣ መርፌ ቁልፉ ባለበት ገንዘቡ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ረዝሟል፣ ቀልዱም አንዳንዴ ይደክማል፤ ቅሬታው ትክክል ነው። ያም ሆኖ መዝለሉን አንመክርም። አንባቢ ኤሪክን መጀመሪያ የሚተዋወቀው በፊቱ ወይም በፍቅሩ አይደለም፤ በቀማኛነቱ ነው። በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ የሚቀበል፣ ሲከለከል ጉዳት የሚያደርስ ሰው ነው። እነዚህን ምዕራፎች የዘለለ ሰው ኤሪክን የሚያገኘው ወዲያው በሚያሳዝን ገጹ ስለሆነ፣ መጨረሻ ላይ ምሕረቱ ርካሽ ይሆንበታል። የጉዳዩን ክብደት የሚያስይዙት እነዚያ አሰልቺ ገጾች ናቸው።

ሁለተኛው የተለመደ ቅሬታ ራውል ነው። ወጣቱ ባላባት መልከ መልካም፣ ባለጸጋና በክሪስቲን ፍቅር የተያዘ ነው፤ ሆኖም አንባቢ አይወደውም። ያለቅሳል፣ ይቀናል፣ በር ላይ ጆሮውን ደቅኖ ያዳምጣል፣ ሌሊት ሁለት የሚያበሩ ዓይኖች ባየ ጊዜ ሽጉጡን ይተኩሳል። ብዙዎች ይህን የደራሲው ድክመት አድርገው ይቆጥሩታል። እኛ አንስማማም። ክሪስቲንን ኤሪክም በግድግዳው ውስጥ ሆኖ ያዳምጣታል፣ ራውልም በበሩ ላይ ሆኖ ያዳምጣታል። መልከ መልካሙም አስቀያሚውም ያው ልማድ አላቸው። ለሩ ለመልከ መልካሙ ሰው የተለየ ጨዋነት አልሰጠውም።

ብዙ አንባቢ መጽሐፉን «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» በሚል ይጠቀልለዋል፤ ውጪው አስቀያሚ ቢሆንም ውስጡ ያማረ ነበር ለማለት። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ክሪስቲን በኦፔራው ጣሪያ፣ በአፖሎ ክራር ሥር ተቀምጣ ለራውል የምትተርክለት ምዕራፍ የልብ ወለዱ እምብርት ነው። ከኤሪክ ጋር የኦቴሎን ዜማ እየዘፈኑ ሳለ እጇን ሰንዝራ ጭምብሉን ትገፈዋለች። ከፊቱም በላይ የሚያስፈራው ቀጥሎ የሚያደርገው ነው፤ የገዛ እጆቿን ይዞ ጥፍሮቿን በገዛ ሥጋው ላይ እየተከለ ፊቱን ያስቦጭራታል። አንባቢ በዚህ ቦታ ማዘንና መጸየፍ ይቀላቀልበታል፤ የተጎዳው ሰው ጉዳቱን መሣሪያ አድርጎ ሌላውን ሲያሰቃይበት እናያለንና። ከዚያ በፊትስ ምን አድርጓል? የሞተው አባቷ «የሙዚቃ መልአክ እልክልሻለሁ» ብሏት ነበርና፣ ራሱን ያንን መልአክ አስመስሎ ለወራት ሐዘኗን ተጫውቶበታል። የዛሬ አንባቢዎች ይህን ፍቅር ብለው ለመጥራት እምቢ ይላሉ፤ ልክም ናቸው።

አሁን ወደ አንዲት በቀላሉ ወደምትታለፍ ቦታ እንምጣ። ኤሪክ ክሪስቲንን በግድ ሊያገባት በዝግጅት ላይ እያለ ይለማመጣታል፦ እንደማንኛውም ሰው ተራ ቤት፣ ተራ በርና መስኮት፣ እሑድ እሑድ ይዟት ወጣ የሚልባት ሚስት ይፈልጋል። ማንንም ሰው የሚያስመስለው ጭምብል እንደሠራም ይነግራታል፤ መንገድ ላይ ዞር ብሎ የሚያየው እንኳ አይኖርም። ለመልክ ልብ ወለድ ይህ ከባድ ነገር ነው። የፊቱ ችግር በብልሃቱ ተፈትቷል ማለት ነው፤ ሕዝብ መካከል መኖር ይችላል። ይህን በሚናገርበት ሰዓት ግን ልጅቷ ታስራለች፣ ባሩዱም ከታች ተከምሯል። በአዲስ ፊት የሚዳን ቢሆን ኖሮ እዚያው በዳነ ነበር።

በኤሪክ የምድር ውስጥ ቤት ያለው የስቃይ ክፍል ደግሞ ለአስፈሪ ዘውግ ወዳጆች የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው፤ አሠራሩን ለሩ በጥንቃቄ ያስረዳል። ክፍሉ ስድስት ማዕዘን ነው፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች መስተዋት። በአንዱ ማዕዘን ከነቅርንጫፉ በብረት የተሠራ ዛፍ ቆሟል። ማዕዘኖቹ የሚሽከረከሩ ስለሆኑ ባለቤቱ ከውጭ ሆኖ ምስሉን ይቀያይረዋል፤ አንዱ ዛፍ ማለቂያ የሌለው ደን ይሆናል፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። እስረኛው በጥምና በተስፋ መቁረጥ አእምሮውን ሲስት የቀረችው መውጫ የብረት ዛፉ ቅርንጫፍ ናት፤ መታነቂያ ገመዱም ተዘጋጅቶለታል። ኤሪክ ይህን የመሰለ ክፍል መጀመሪያ የሠራው በፋርስ ቤተ መንግሥት፣ ለቤተ መንግሥቱ ወጣት እመቤት መዝናኛ ነበር። በፋርስ ላይ ያለው አሳሳል በዘመኑ አውሮፓውያን ስለ ምሥራቁ ዓለም የነበራቸውን ንቀት የተሸከመ መሆኑን አንባቢዎች ሲወቅሱ ትክክል ናቸው። ለክርክራችን ግን የሚጠቅመው ሌላ ነው። ኤሪክ በዚያ አገር ተፈላጊና የተከበረ ባለሙያ ነበር፤ ያን ጊዜም ጭካኔን ሥራው አድርጎ ይዞ ነበር። ስለዚህ ተራኪው በመደምደሚያው ኤሪክ እንደ ሌላው ሰው መሆን ብቻ ፈልጎ መልከ ጥፉነቱ እንደከለከለው አድርጎ ሲያዝንለት፣ አንባቢ የተራኪውን ፍርድ እንደ መጽሐፉ ፍርድ ባይወስደው ይሻላል። ሐዘኑ የተራኪው ነው። ማስረጃው ከሐዘኑ ይሰፋል።

ታዲያ ምሕረቱ የት አለ? ኤሪክ ለክሪስቲን ሁለት የነሐስ ምስሎች ያቀርብላታል፤ ጊንጡን ካዞረች እሺ ማለቷ ነው፣ ፌንጣውን ካዞረች ሁሉም ይጋያል። ጊንጡን ታዞራለች፤ ውኃ ገብቶ ባሩዱን ያጠፋል፣ በስቃይ ክፍሉ ያሉትን ራውልንና ኤሪክን ከፋርስ ጀምሮ የሚያውቀውን ፐርሺያዊውንም ሊያሰጥም ይደርሳል። እነሱን ለማትረፍ ስትል ራሷን እንደማታጠፋ፣ በሕይወት ያለች ሚስቱ እንደምትሆን ትምላለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን አናይም። ኤሪክ ሊሞት ተቃርቦ፣ ግድግዳ እየተደገፈ፣ ፐርሺያዊው ቤት መጥቶ ይተርከዋል። ግንባሯን ሳማት፤ ወደ ኋላ አላለችም። እናቱ እንኳ አንድ ቀን እንዲስማት ፈቅዳ አታውቅም፤ ጭምብሉን ወርውራለት ትሸሽ ነበር። ከክሪስቲን እንባ አንዲት ጠብታ እንዳታመልጠው ጭምብሉን አወለቀ፤ አልሸሸችም። ከዚያ ራውልን ፈታው፣ የወርቅ ቀለበቷን የሰርግ ስጦታ ብሎ ሰጣት፣ ሲሞት መጥታ ከነቀለበቱ እንድትቀብረው አስማላት፤ ልትሄድ ስትልም እሷ ራሷ ግንባሩን ሳመችው።

አንዳንድ አንባቢዎች ይህ ትዕይንት በቀጥታ ባለመታየቱ ተታለልን ይላሉ። እኛ የደራሲውን ድፍረት እዚህ ላይ ነው የምናደንቀው። ያለን ምስክር ገዳዩ ብቻ ነው፤ ክሪስቲን ለምን እንዳለቀሰች ከእሷ አፍ አንሰማም። በዚያው ጉብኝት ፐርሺያዊው ስለ ራውል ወንድም ሞት ሲጠይቀው ድንገተኛ አደጋ ነበር ይላል። ቀደም ሲል በልብ ወለዱ ውስጥ በተመልካች ላይ ስለወደቀው ቻንደለር ተጠይቆም አርጅቶ ነበር፣ በራሱ ወደቀ ብሎ ስቋል። ይህን ቃሉን እስከ መጨረሻው አያነሣም። ስለዚህ «ዳነ» የሚለው ወገን አንድ እውነተኛ ነገር ይዟል፤ በእጁ የገባውን ሰው ሳይገደድ ለቅቋል። «አልዳነም» የሚለውም ሌላ እውነት ይዟል፤ ለሞቱት ሰዎች ኃላፊነት የወሰደበት አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ለሩ ሁለቱን አላስታረቀም፤ ይህም ልብ ወለዱን ከመድረክ ዘመዶቹ ያጠነክረዋል።

ስለ እትም አንድ ሁለት ነገር። በ1911 የወጣው የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም የቅጂ መብቱ ስላለፈ በነፃ ይገኛል፤ ሆኖም ከፈረንሳይኛው ያሳጠራቸውና የዘለላቸው ቦታዎች አሉ። ለመጀመሪያ ንባብ ይበቃል፤ መጽሐፉን ለማጥናት ለሚፈልግ ግን ያልተቆረጠ አዲስ ትርጉም ይሻላል። ለልጆች ወይም ለቋንቋ ተማሪዎች የተጨመቁት እትሞች ብዙ ጊዜ ፐርሺያዊውን ያወጡታል። እሱ ከሌለ የኤሪክ ያለፈ ታሪክም፣ የመጨረሻው ጉብኝትም አይኖርም፤ እንዲህ ያለውን እትም ይተዉት። ከመግዛትዎ በፊት ከመጨረሻው ወደ ኋላ ገልጠው ፐርሺያዊው ራሱ የሚተርካቸው ምዕራፎች መኖራቸውን ይዩ። ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ መታሰርና በገመድ መታነቅ በግልጽ ስለተጻፉ ለታዳጊ ሲሰጥ ይህ ይታሰብበት። የፐርሺያዊው ትረካ የሚቋረጠው ውኃው ሰዎቹን ሊውጥ ሲል ስለሆነ፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ ጉብኝቱ ያለውን ምዕራፍ ሳይከፋፍሉ በአንድ ተቀምጦ ማንበብ ይመረጣል።