ነዳጅ በስልክ መክፈል ከጀመርኩ ወዲህ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ባለፈው እሁድ ደወለችና ስናወራ ወሬው ነዳጅ ላይ ደረሰ። "እትዬ፣ እናንተም ነዳጅ በስልክ ነው አሉ የምትከፍሉት። ስንት ይቀንሱላችኋል?" አለችኝ። ወዲያው መልስ አልመጣልኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥያቄው ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ሽንኩርትና ቲማቲም አከፋፍላለሁ። በሳምንት ሁለቴ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፣ ጭኜ እመለሳለሁ። መኪናዬ ባለ ናፍጣ ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። አሮጌ ናት፣ ግን ታማኝ ናት። የምነዳትም እኔው ራሴ ነኝ። በስልክ መክፈል ግዴታ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ይኸው ስከፍል ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

መጀመሪያ ለእህቴ ልጅ ጥያቄ ልመልስ። እሷ ዘንድ ማደያው በር ላይ ያለውን ዋጋ የሚያወጣው ባለቤቱ ነው። መንገዱን ተሻግሮ ያለው ማደያ ሌላ ዋጋ ሊለጥፍ ይችላል። ስለዚህ ደንበኛ ለመሳብ ይሻማሉ። ጋዝበዲ የሚባለው መተግበሪያ የአካባቢውን ማደያዎች ዋጋ ደርድሮ ያሳያል። የኤክሰንሞቢል መተግበሪያ ደግሞ መኪናህ ውስጥ ተቀምጠህ የቆምክበትን ፓምፕ ቁጥር ስታስገባ ፓምፑን ይከፍትልሃል፣ በቀዳኸው ልክም ነጥብ ያጠራቅምልሃል። ነጥቡ ኋላ ላይ ብር ይሆናል። እሷም በጋሎን ጥቂት ሳንቲም ይቀነስልኛል ትላለች። አንድ ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው።

እኛ ዘንድ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው። ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ያሳውቃል፣ ማደያው ይቀዳል። የማደያው ትርፍም ቢሆን ተቆርጦ የተሰጠው ነው። ታዲያ ከምኑ ላይ ይቀንስልኝ? መስከረም 2017 መጨረሻ ላይ ዋጋው ሲከለስ አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን 91 ብር ከ14፣ ናፍጣ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ሆነ። በየትኛውም መተግበሪያ ብትከፍል ያው ነው። እንዲያው ቅናሽ ፍለጋ መተግበሪያውን የሚጭን ሰው ካለ ከወዲሁ ይወቀው።

ቅናሽ ሊባል የሚችል አንድ ነገር ነበር፤ ድጎማው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻዎች በታርጋቸው ተመዝግበው በድጎማ እንዲቀዱ ተደረገ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ከተማ ባጃጅ ይሠራል፣ እሱም ተመዘገበ። በስልክ የመክፈልን ነገር ከእኛ ቤት ቀድሞ የለመደውም በዚህ ምክንያት ነው። የእኔዋ የጭነት ስለሆነች አልተካተተችም። አልተቀየምኩም። እሱ ሰው ነው የሚያመላልሰው፤ ድጎማው ቢቀርበት ታሪፉ ወደ ተማሪውና ወደ ሠራተኛው ይሄዳል። ድጎማው ደግሞ ገና ሲጀመር ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ እንዲሄድ ታስቦ የመጣ ነው።

ታዲያ እኔ ምን አገኘሁ?

አንደኛው የብር መልስ ነው። በጥሬ ገንዘብ የምንከፍልበትን ጊዜ አስታውሱ። የ1,960 ብር ናፍጣ እቀዳለሁ፣ 2,000 እሰጣለሁ። 40 ብር ሊመለስልኝ ሲገባ 35 ይሰጠኛል። "ዝርዝር የለም" ነው መልሱ። ከኋላዬ አይሱዙው ጥሩምባ ይነፋል። 5 ብር ብዬ ልጨቃጨቅ? ትቼው እሄዳለሁ። በሳምንት ሁለቴ 5 ብር፣ በዓመት 520 ብር ነው። ከግንቦት 1፣ 2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ክፍያው በስልክ እንዲሆን ሲታዘዝ ብዙ ሰው አጉረምርሞ ነበር፣ እኔም ጭምር። የመልሱ ነገር ግን በዚያው ቀረ። አሁን እስከ ሳንቲሙ ነው የምከፍለው።

አከፋፈሉ ቀላል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማደያ እደርሳለሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የምትቀዳልኝ ልጅ የሹራብ ጓንት ታደርጋለች፤ የቀኝ እጇ ጓንት የሌባ ጣቱ ጫፍ ተቆርጧል። ስልኳን ለመንካት ነው። ስልኩን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች፣ መስታወቱ ጥግ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ታርጋዬን በቃሏ ታውቀዋለች። የብሩ ልክ ይገባል፣ የሚስጥር ቁጥሬን እመታለሁ፣ ሁለታችንም ስልካችንን እያየን እንጠብቃለን። መልእክቱ ሲገባ "ገብቷል፣ በሰላም ግቢ" ትለኛለች። ጥሩ ቀን ከሆነ ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። እኔ በአብዛኛው የምጠቀመው ቴሌብርን ነው፤ ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር ለዕቁብ ብዬ ነበር ያወጣሁት። ሲቢኢ ብርን የሚጠቀሙም አሉ።

ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት ግን ማንም ያልነገረኝ ቦታ ነው። መልእክቶቹ ውስጥ።

እያንዳንዱ ክፍያ ቀኑና ብሩ ስልኬ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ቤት ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ሄጄ አነበብኳቸው። ብሩን በዕለቱ ዋጋ ሳካፍለው ሊትሩ ይወጣል። ከዚያ ደብተር ገዛሁ። በቀዳሁ ቁጥር ቆጣሪው ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር እጽፋለሁ፣ ከጎኑ ሊትሩን። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ደርሶ መልስ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሄድ ባዶዬን ነኝ፣ ቁልቁለትም ነው። ስመለስ ግን ጭነት ይዤ ከ1,300 ሜትር ተነስቼ ወደ 2,800 ሜትር ነው የምወጣው። ከደብረ ሲና በኋላ ያለውን ጠመዝማዛ ሽቅብ ጨርሼ የጣርማ በርን ዋሻ እስካልፍ ድረስ ናፍጣ እንደ ውሃ ይጠጣል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንዱ ጉዞ 19 ሊትር ያህል ይፈጅ ነበር።

ጥቅምት ላይ ደብተሩ 21 አለ። ኅዳር ላይ ወደ 24 ተጠጋ። መኪናዋ ያው ናት፣ መንገዱ ያው ነው፣ ጭነቱም ያው ነው። ደብተር ባይኖረኝ "ነዳጅ ተወደደ" ብዬ አልፈው ነበር፤ እውነትም ተወዶ ነበራ! ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የናፍጣውን ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቶ አሳየኝ፣ ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኖዝሎችም አንዱ በደንብ አይረጭም፣ ያንጠባጥባል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የምታወጣውም ለካ ለዚህ ነበር። ፊልትሮው ተቀየረ፣ ኖዝሉ ተሠራ። በቀጣዩ ሳምንት ደብተሬ ላይ ተመልሳ 19 ከግማሽ ሆነች።

አስቡት። በአንድ ጉዞ ከ4 ሊትር በላይ ነው። በ90 ብር ሂሳብ ወደ 400 ብር፣ በሳምንት 800 ብር ማለት ነው። የእህቴ ልጅ በዓመት ተጠራቅሞ ይቀነስልኛል ከምትለው አይተናነስም። ይህን መተግበሪያው አልሰጠኝም። መልእክቱ ባይቀመጥልኝ ግን አላገኘውም ነበር፤ በጥሬ ገንዘብ ስከፍል አንዲት ደረሰኝ እንኳ አስቀምጬ አላውቅም።

አሁን ወደሚያስቸግረው ልምጣ። በእኛ አካባቢ ስማርት ስልክ መያዝ ብቻውን አይበቃም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። መተግበሪያው ስልኬ ላይ አለ፣ አይከፈትም። ያን ጊዜ ያዳነኝ የቴሌብር አጭር ቁጥር *127# ነው። ዳታ አይፈልግም፣ በትንሿ ስልክም ይሠራል። ቁጥር እየመረጡ ወደ ውስጥ መግባት ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። አሁንም ቢሆን በወር አንዴ ሆን ብዬ በእሱ እከፍላለሁ፣ እጄ እንዳይረሳው። መንገድ ለሚወጣ ሰው ሁሉ ይህን እመክራለሁ። ሌላም አለ፤ ቻርጅ። የመኪና ቻርጀር ከመለዋወጫ ጎማ እኩል አስፈላጊ ዕቃ ሆኗል። ስልኩ ከጠፋ ኪስህ ሙሉ ብር ቢሆንም አትቀዳም።

አንድ ጊዜ ክፉኛ ተቸግሬአለሁ። የቴሌብር ሒሳቤ ላይ ብር ስላነሰኝ የአንድ ባንክ መተግበሪያ ተጠቅሜ ከፈልኩ። ከእኔ ተቆረጠ። ማደያው ጋ አልገባም። ቀጂው ልጅ "አልደረሰኝም" ይላል፣ እኔ "ይኸው ተቆርጧል" እላለሁ። ሁለታችንም እውነታችንን ነው። ናፍጣው ታንከር ውስጥ ገብቷል፣ ቲማቲሙ ጭነት ላይ ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል። እጄ ላይ ደግሞ ሌላ ብር የለም። ወንድሜን ደወልኩለትና ከሥራው ተነስቶ በእሱ ስልክ ከፈለልኝ። ከባንኩ ገንዘቤ የተመለሰልኝ በአምስተኛው ቀን ነው፤ ያውም ሁለቴ ቅርንጫፉ ተመላልሼ፣ ማመልከቻ ጽፌ። ለነጋዴ አምስት ቀን ብዙ ነው። ገንዘብ የሚቆርጥ መተግበሪያ ሲሳሳት በዚያው ፍጥነት መመለስ አለበት። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። ከዚያ ወዲህ ጉዞ ከመውጣቴ በፊት ማታውኑ ሒሳቤን አያለሁ፣ የአንድ ሙሉ ታንከር ብርም ለይቼ አስቀምጣለሁ።

ቀጂዎቹንም ልንረዳቸው ይገባል። "መልእክት ገብቶልኛል" እያለ የቆየ መልእክት አሳይቶ የሚሄድ ሰው አለ። የጎደለው ከልጆቹ ደሞዝ ነው የሚቆረጠው። የራሷ ስልክ ላይ እስኪገባላት የምትጠብቅ ልጅ ላይ መጮህ ነውር ነው።

ከሁሉ አንጀቴን የሚበላኝ ግን የትልልቅ ሰዎች ነገር ነው። አንድ አባት አሉ፣ ከመንዝ እህል ይዘው የሚመጡ። ላንድሮቨር አላቸው፣ ከእኔ መኪና ዕድሜ የሚበልጥ። ማንበብ አይችሉም። አንድ ጠዋት ከፊቴ ተሰልፈው ስልካቸውን ለቀጂዋ ዘረጉላትና የሚስጥር ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ጠሩላት። ሰልፈኛው ሁሉ ሰማ። ልጅቷ ደንግጣ ዞር ዞር አለች። ታማኝ ልጅ ናት። ሰልፉ ውስጥ ያለነውን ሁሉ ግን ማን ያውቀናል?

ወረድኩና ጠጋ አልኳቸው። "አባባ፣ ይሄ እኮ የቤትዎ ቁልፍ ነው። ለማንም አይንገሩት፣ ለእኔም ቢሆን" አልኳቸው።

"እና ምን ላድርግ ልጄ? ፊደል አልቆጠርኩ" አሉኝ።

ቁጥር ግን ያውቃሉ። ብር ቆጥረው፣ ኩንታል ቆጥረው፣ ልጅ አስተምረው ያሳደጉ ሰው ናቸው። የሚቸግራቸው የሚመጣው ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ትተን ቅደም ተከተሉን ተማርን። መጀመሪያ የትኛውን ቁጥር፣ ቀጥሎ የትኛውን፣ መጨረሻ ላይ ሚስጥሩን። እንደ መዝሙር በቃላቸው ያዙት። የሰማነውን የድሮውን ቁጥርም ልጃቸው እንዲቀይርላቸው ነገርኳቸው። ሦስት ጊዜ ያህል ማደያው ላይ ተገናኝተን አብረን ሞከርን። አንዴ ተሳሳቱና ተናደዱ፣ "ብሬን ቆጥሬ ብሰጥ ምን ነበረበት!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ማደያዎች ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ቆሞ የሚያስረዳ አንድ ሰው ቢመድቡ ምን ይጎዳሉ? ወይም ስልኩ ጽሑፉን በድምፅ ቢያነብላቸው?

ባለፈው ሐሙስ እንደገና ከፊቴ ነበሩ። ልጅቷ የብሩን ልክ ነገረቻቸው። እሳቸው ትንሽ ወደ ጎን ዞሩ፣ ስልካቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጋረዱትና በአውራ ጣታቸው ቀስ እያሉ መቱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ትንሽ ቆይቶ የልጅቷ ስልክ ጮኸ። "ገብቷል፣ አባባ" አለቻቸው።