ኢሪዲየም ካንዴላ ከ11 ወር በኋላ፦ በሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 600 ላይ ያየሁት

ባለፈው ኤፕሪል የሞተር ሳይክሌን አራት ካንዴላዎች (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) እዚሁ ሜሪላንድ፣ ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ራሴ ቀየርኳቸው። ሞተሩ የ2007 ሱዙኪ ጂኤስኤክስ-አር 600 ነው። የገቡት የኤንጂኬ ኩባንያ ሲአር9ኢአይኤክስ፣ ማለትም መሀል ጫፋቸው ከኢሪዲየም ብረት የሆነው ናቸው። ከዚያ ወዲህ 7200 ኪሎ ሜትር ነድቻለሁ። ብርዱ ሲመጣ ሸፍኜ አቆምኩት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ካንዴላዎቹ እንዴት እንደከረሙ ለማየት ከፈትኩት።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። ጉልበት ጨመረ ወይ? አልጨመረም። ካንዴላ የጠፋ ጉልበት ይመልሳል እንጂ አዲስ አይፈጥርም። የእኔ አሮጌዎች ጫፋቸው ተበልቶ ብልጭታው የሚዘልበት ክፍተት ሰፍቶ ነበር። ጠዋት ሞተሩ እየተንገጫገጨ ነበር የሚነሳው፤ ሚኒሞውም (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ ይላል። አሁን ገና ስነካው ይነሳል። ሚኒሞውም ቀጥ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ግን አዲስ ተራ ሲአር9ኢ ባስገባም ይህንኑ ለውጥ አገኝ ነበር።

ታዲያ ለምን ኢሪዲየም? እዚህ ሞተር ላይ ካንዴላው ጋ ለመድረስ መቀመጫው ይወጣል፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንኩ) ከፊት ተነስቶ ይደገፋል፣ የአየር ፊልትሮው ሳጥንም ይወርዳል። እኔን ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። የኢሪዲየሙ መሀል ጫፍ 0.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ነው፤ ግን ብረቱ የሚቀልጠው ከ2400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሆነ ቶሎ አይበላም። ለእኔ ትርፉ ይኸው ነው፤ ሳጥኑን ቶሎ ቶሎ አለማውረድ።

ስትገዙ ቁጥሩን አጥብቃችሁ ያዙ። "ሲ" የጥርሱ (የሚጠመዘዘው ክፍል) ስፋት 10 ሚሊ ሜትር፣ መፍቻ ቁልፉም 16 ሚሊ ሜትር መሆኑን ይናገራል። "አር" ማለት ውስጡ ሬዚስተር አለው፤ የብልጭታው ሞገድ የሞተሩን ኮምፒዩተር እንዳይረብሽ። "ኢ" የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። 9 የሙቀት ደረጃው ነው፤ በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ካንዴላው ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ ይቀዘቅዛል። ሻጩ "ይሄም ይገባል" ቢላችሁ አትቀበሉ። ጥርሱ የረዘመ ካንዴላ ፒስተን ሊመታ ይችላል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ካንዴላ በሽቦ ብሩሽ ተፈትጎ፣ በቤንዚን ታጥቦ ይመለስ ነበር። ሶማሌ ተራ አካባቢ ያየሁት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ኢሪዲየም ላይ ይህን አታድርጉ። ያን ቀጭን ጫፍ ብሩሽ ይሰብረዋል።

ከሥራው ሁሉ ያስደነገጠኝ የ3ኛው ሲሊንደር ካንዴላ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ነው። ኮይሉን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) ስስበው በባትሪ መብራት ወደ ታች አየሁ። ካንዴላው ዙሪያ አሸዋ ተኝቷል፤ መሀሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር አለች። ካንዴላውን ዝም ብዬ ፈትቼ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሲሊንደር ውስጥ ይገባ ነበር። የአየር መግቢያዎቹን በንጹህ ጨርቅ ሸፈንኩና ጉድጓዱን በታመቀ አየር ነፋሁት። እስኪጠራ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩ። መነጽር አድርጉ፤ አሸዋው ፊት ላይ ነው የሚመጣው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አትጀምሩ። ካንዴላው የሚጠመዘዝበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፤ በጋለበት ከፈታችሁት ጥርሱ ሊበላ ይችላል። አዲሱን ካንዴላ በቁልፍ አታስጀምሩት። እኔ ቁራጭ የቤንዚን ጎማ ጫፉ ላይ ሰክቼ በጣቴ አዞርኩት። ጥርሱ ከተጣመመ ጎማው ይንሸራተትና ያሳውቃችኋል። በእጅ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካው) 11 ኒውተን ሜትር። ጥርሱን ግራሶ አትቀቡ፤ ከቀባችሁት ቁልፉ 11 ሲል በተግባር ከዚያ በላይ ይጠብቃል። ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። አራቱንም ለካኋቸው፣ ልክ ነበሩ።

አንድ ስህተት ሠራሁ። ሁሉን ገጥሜ ሳስነሳው ሞተሩ ተንቀጠቀጠ፤ በሦስት ሲሊንደር ብቻ ነበር የሚሠራው። ካንዴላው ተበላሽቶ መስሎኝ ልቤ ወረደ። የ2ኛው ኮይል ሶኬት ጠቅ ብሎ አልገባም ነበር። ያን ሁሉ እንደገና አወረድኩ። አሁን ሳጥኑን ከመመለሴ በፊት አራቱንም ሶኬቶች አንድ በአንድ ሳብ አድርጌ አያለሁ።

በነዳጅ ፍጆታ በኩል የተለየ ነገር አላየሁም። ዋጋው ከተራው ይበልጣል፤ ብዙ ለማይነዳና ሞተሩን ቶሎ ለሚሸጥ ሰው ተራው ይበቃዋል። ሞተሩን ለሚያቆይ ግን ኢሪዲየሙን እመርጥለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያወጣሁት ያንኑ የ3ኛውን ነው። ሴራሚኩ ፈዛዛ ቡና ዓይነት ቀለም ይዟል፤ ጥቀርሻም ዘይትም የለበትም። ጫፉ ጠርዙን አልለቀቀም፣ ክፍተቱም 0.75 ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ አቧራ ነበር፣ ነፋሁት። ያገለገለ ካንዴላ ከጥርሱ በላይ ያለው የብረት ቀለበት አንዴ ስለተጨፈለቀ፣ ለማጥበቅ እንደ አዲሱ ግማሽ ዙር አይፈልግም። በእጅ ከገባ በኋላ ትንሽ ብቻ ጠበቅ አድርጌ መለስኩት። የሱዙኪ መመሪያ በየ12000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይላል። እዚያ ስደርስ አራቱንም አውጥቼ እለካቸዋለሁ።