«256 ቢት» ስላሏችሁ ብቻ ፋይል መቆለፊያ እንዳትገዙ!

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። እነዚህን የፋይል መቆለፊያ ሻጮች መቼም ታውቋቸዋላችሁ፤ ጋሻ የተሳለበት ማስታወቂያ፣ «ወታደራዊ ደረጃ» የሚል ፉከራ፣ ከሥሩ በትልቁ «ኤኢኤስ 256» (ባለ 256 ቢት ቁልፍ የሚጠቀም የታወቀ የመቆለፊያ ስልት)። ገዛሁ።

እስቲ ልፈትሸው ብዬ የ«1» ቁጥር ብቻ የተደረደረበት ባለ 64 ባይት ፋይል ቆለፍኩ። የተቆለፈውን በሄክስ ኤዲተር ስከፍተው (የፋይሉን ባይቶች እንዳሉ፣ በመስመር 16 እያደረገ ነው የሚያሳየው) አራቱ መስመሮች ቁርጥ አንድ ዓይነት! ኤኢኤስ ቁልፉ 128ም ይሁን 256 ቢት፣ ዳታውን የሚከፋፍለው በ16 ባይት ብሎክ ነው። እነዚህ ጉዶች ታዲያ እያንዳንዱን ብሎክ ለየብቻው በዚያው ቁልፍ እንደ ማኅተም እየመቱ ይደረድሩታል፤ ኢሲቢ የሚባለው መሆኑ ነው። የተደጋገመ ነገር ተቆልፎም መደጋገሙ ይታወቃል።

አምስተኛ መስመርም ነበር፤ ፓዲንጉ፣ ማለትም የመጨረሻውን ብሎክ 16 ባይት ለመሙላት የሚጨመረው። መጨረሻው ብሎክ 13 ባይት ብቻ ቢኖረው «3» የሚል ባይት ሦስት ጊዜ ይጨመርበታል፤ ልክ ሲሞላ ግን «16» የሚል ባይት 16 ጊዜ የገባበት ሙሉ ብሎክ ይታከላል። ይሄ ደንብ ነው፣ ጥፋት የለውም። ግን ርዝመቱ ለ16 የሚካፈል ሌላ ፋይል ስቆልፍ ያችኑ መስመር መጨረሻው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

ሻጮቹ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ሳቅ እያፈነ «ጌታዬ፣ 256 ቢት እኮ ነው!» አለኝ። ሶፍትዌሩ የሚቀበለው ባለ 6 አኃዝ ፒን ብቻ ነው፤ እሱ እንዴት 256 ቢት ቁልፍ ይሆናል ብለው በኩራት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አያስቡ፣ ፕሮግራሙ ራሱ በዜሮ ሞልቶ 32 ባይት፣ ማለትም 256 ቢት ያደርሰዋል።»

በዜሮ! 6 አኃዝ ማለት አንድ ሚሊዮን አማራጭ፣ 20 ቢት እንኳ የማይሞላ። ዲኢኤስ የሚባለው የድሮ መቆለፊያ ስልት 56 ቢት ቁልፍ ይዞ በ1998 እ.ኤ.አ. ሦስት ቀን ሳይሞላ ተሰብሯል፤ ይሄኛውን ተራ ላፕቶፕ በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ይህን ስነግረው «እርስዎ ፒንዎን ብቻ አይርሱ፤ ሌላውን ለባለሙያ ይተዉት» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ገንዘቤንም አይመልሱም፤ «አንዴ ከተጫነ አይመለስም» ይላል ውላቸው።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ሞዱ (ብሎኮቹ የሚቆለፉበት አካሄድ፣ እንደ ኢሲቢ ያለው) ምን እንደሆነና ፓስዎርዱ በምን ስልት ወደ ቁልፍ እንደሚቀየር ጠይቁ። የሙከራ ቅጂ ከሰጧችሁ ደግሞ ያንን ባለ 64 ባይት ፋይል ቆልፋችሁ እዩት።